አልጋዬ በሰው በረንዳ

ጥቅምት 10፣ ከሰዓት

ዛሬም ሦስት ቤት። አንዱ ያፈሳል። አንዱ መስኮት የለውም። ሦስተኛው ጥሩ ነው። ጥሩውን ተከለከልኩ።

ሁልጊዜ እንዲህ ነው፣ ማስታወሻዬ። ባለቤቷ በሩን ትከፍታለች፣ ትስቃለች፣ ውኃ መቼ መቼ እንደሚመጣ ትነግረኛለች። ከዚያ ጥያቄው ይመጣል፦ እስከ ዛሬ የት ነበርሽ? ወ/ሮ የሺ ግቢ እላለሁ። መዋሸት እችላለሁ። አልዋሽም። ስልኳን ይዛ ጓዳ ትገባለች። ስትወጣ ፊቷ ሌላ ነው። ክፍሉ ለካ ለእህቷ ልጅ ተይዟል።

ይህች የእህት ልጅ ስንት ክፍል ይበቃታል? ደ/ማርቆስ ውስጥ ያለ ባዶ ክፍል ሁሉ የእሷ ሆነ!

ጥቅምት 12

አንዴ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ባለፈው ሳምንት ወንድሜ ይበልጣል ከደ/ወርቅ መጣ። ዲያቆን ነው፣ ቅኔ ቤት ይማራል። እናቴ የላከችውን ጤፍና በርበሬ ተሸክሞ። ዝናቡ አላባራ አለ፤ የመጨረሻው ሚኒባስ አመለጠው። እኔ አልጋ ላይ፣ እሱ መሬት ላይ ሰሌን አንጥፎ። ሳይነጋ ኪዳን ሊያደርስ ወጣ፤ ከዚያው ወደ መናኸሪያ። ወ/ሮ የሺ በረንዳ ላይ ሆና አየችው። ጋቢ የተከናነበ ወንድ፣ ከእኔ ክፍል።

ቁርስ ሳልቀምስ ውጪ ተባልኩ። ወንድሜ ነው አልኳት።

«የተማሪ ወንድም መቼ አልቆ ያውቃል!» አለች፣ ጎረቤት እስኪሰማ።

ልብሴንና መጽሐፎቼን ይዤ ወጣሁ። አልጋዬ ቀረ። አባቴ ከዋንዛ ያሠራልኝ ነው፤ ለብቻዬ አላነሳውም፣ ባነሳውም ማስገቢያ የለኝም። በረንዳዋ ላይ አውጥታዋለች። ዶሮ ይሰፍርበታል አሉ።

ጥቅምት 14

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰናይት ጋ ነኝ። የክፍሌ ልጅ ናት፤ ሁለታችን በአንድ አልጋ። ስትተኛ ትራገጣለች። እግዜር ይስጣት።

ዛሬ ተጣላን። ይበልጣልን ጥሪው ትላለች። መጥቶ ወ/ሮ የሺ ፊት ይቁም፣ መልካችሁ አንድ ነው፣ በአንድ ቀን ያልቃል።

አልጠራውም። አልነገርኩትምም። ብነግረው እየሮጠ ይመጣል፣ ይምላል፣ ይለምናታል። ለምን? እኔ ሕግ ነው የምማረው። ማስረዳት ያለበት ከሳሹ ነው። ዛሬ ወንድሜን ላስመስክር፤ ነገ አጎቴ ሲመጣስ? አብሮኝ የሚማር ልጅ መጽሐፍ ሊመልስ ሲመጣስ? ለእያንዳንዱ ወንድ ምስክር ላቁም?

ሰናይት፦ «አንቺ ልጅ፣ የምትፈልጊው ክፍል ነው ችሎት?»

ተናደድኩ። ግማሽ እውነት ስለሆነ ነው የተናደድኩት።

ጥቅምት 17፣ አመሻሽ

የሰናይት አከራይ በር ላይ ያዙኝ። እንግዳ ሦስት ቀን ነው፣ አንቺማ ቤተ ዘመድ ሆንሽ አሉ። እየሳቁ። ግን እስከ ማርያም ውጪ።

ዩኒቨርሲቲ ሄድኩ። ለማስተርስ ተማሪ ዶርም የለም። ካልቻልሽ ለዓመቱ አቋርጪ፣ ሲመችሽ ትመለሻለሽ አሉኝ። እንደ ቀላል ነገር።

ከሰዓት ቤት የሚያፈላልግልኝ ደላላ ደወለ። መላ አለው፦ ቀለበት አድርጊ፣ ባለቤቴ አዲስ አበባ ነው በዪ። ስልኩን ዘጋሁበት።

አባቴም ደወለ። ክፍል እንዳጣሁ እንጂ ለምን እንዳጣሁ አልነገርኩትም። ካልሆነ ነይ ግቢ፣ ትምህርት የትም አይሸሽም አለ።

ይሸሻል አባዬ። ከእኛ መንደር ለዓመት ብላ አቋርጣ የተመለሰች ማን አለች?

ጥቅምት 19

የማርያም ማኅበር ተረኛዋ ወ/ሮ የሺ ናት! ሰናይት ከሱቅ ሰምታ መጣች። እንደ ወሬ ነው የነገረችኝ። እኔ ግን ተነሥቼ ቆምኩ።

ባለፈው ዓመት ተራዋ ሲደርስ ለድግሱ ሽንኩርት የከተፍኩት እኔ ነኝ። ደንቡን አውቃለሁ። ለጽዋ የመጣ ሰው አይመለስም። የተጣላ ሰው ሳይታረቅ ጽዋ አያነሣም።

ሰናይት አብደሻል አለች። ነጠላዋን ግን አጥባ አሰጣችልኝ።

ጥቅምት 21፣ አመሻሽ

በቅደም ተከተል ልጻፍ።

ገባሁ። አልጋዬ በረንዳው ላይ አለ። ዶሮዋም አለች። ቤቱ በሴት ተሞልቷል፤ መምሬ ከላይ ተቀምጠዋል። ለጽዋ ነው የመጣሁት አልኩ። ወ/ሮ የሺ ዳቦ ይዛ ደረቀች። ማስወጣት አትችልም። ሴቶቹ ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡኝ።

ጽዋው ሊዞር ሲል ተነሣሁ። መምሬ ይቅር ይበሉኝ፣ እኔና እትዬ የሺ ተጣልተናል፣ ሳንታረቅ ይህ ጽዋ ይዞራል ወይ አልኩ።

ጽዋውን መልሰው አስቀመጡት። ምን ሆናችሁ አሉ። የሺ ተናገረች፦ ወንድ አሳደረች። እኔም ተናገርኩ፦ ወንድሜ ነው። እንግዲያ ወንድምሽን አምጪና ነገሩ ይብረድ አሉ መምሬ፣ በየዋህነት።

«አላመጣም መምሬ። እትዬ የሺ ያዩት ሰው ሲወጣ ነው። የቀረውን ራሳቸው ናቸው የጨመሩት። የጨመሩትን እሳቸው ያስረዱ።»

አንዷ ድፍረቷ አለች። አልተቀመጥኩም።

ከጥግ አንዲት አሮጊት፣ ወ/ሮ ጥሩ ይባላሉ፣ የሺን መጠየቅ ጀመሩ።

«ሰውየውን አናገርሽው?»

«ምን ብዬ?»

«እሺ፣ ወጥቶ ወዴት ሄደ?»

«ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በኩል።»

«በስንት ሰዓት?»

«ለኪዳን ሲደወል።»

«እሰይ! ኪዳን የሚያደርስ ውሽማ በዕድሜዬ ዛሬ ሰማሁ!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። መምሬም አፋቸውን በጋቢ ሸፈኑ። እኔ አልሳቅሁም። እንባዬ መጣ፤ ዋጥኩት።

የሺ ተነሥታ ጉልበቴን ልትይዝ ጎንበስ አለች። ያዝኳት። ይቅር ለእግዚአብሔር ተባባልን፤ ከልቤ ነው። ጽዋው ዞረ። ክፍልሽ ባዶ ነው፣ ዛሬውኑ ግቢ አለችኝ፣ ሁሉም እየሰማ።

ይቅርታውን ተቀብያለሁ እትዬ፣ ክፍሉን ግን አልፈልግም አልኩ። ከአፌ ሲወጣ እኔም ደነገጥኩ። ማደሪያ የለኝም እኮ!

ስወጣ ወ/ሮ ጥሩ ነጠላውን ጎተት አድርገው፣ እኔም ክፍል አለኝ አሉ።

ጥቅምት 22፣ ጠዋት

የወ/ሮ ጥሩ ክፍል። ጭቃ ነው፣ በሩ ይንቋቋል፣ መስኮቱ ግን ፀሐይ ያስገባል። የት ነበርሽ አላሉኝም። ዛሬ ጠያቂዋ እኔ ሆንኩ፦ ወንድሜ ይመጣል፣ አንዳንዴ ያድራል። አብረውኝ የሚማሩም ለጥናት ይመጣሉ፣ ወንዱም ሴቱም። ይስማማዎታል?

«ጭቃቸውን ደጅ ይጥረጉ» አሉ። ሌላ የለም።

ይበልጣል ጋ ደወልኩ። ደነገጠ፤ ምነው ሰላም አይደለሽ አለ። ሰላም ነኝ፣ አልጋ የምትሸከምልኝ ነህ አልኩት። ከወ/ሮ የሺ በረንዳ እስከ አዲሱ ቤቴ፣ አንተ በራስጌ እኔ በግርጌ። በኋላ በር በኩል አይደለም፤ በዋናው አስፋልት።

ቅዳሜ ገበያ ነው፣ መንገዱ በሰው ይሞላል፣ ሌላ ቀን አይሻልም ወይ አለኝ።

ቅዳሜ አልኩት።