ጉንዳን ያልመጣበት ሽንት

ኅዳር 29፣ ከቀኑ 8 ሰዓት

ሦስተኛ ጀሪካን። ክንዴ ሊወልቅ ነው። የገፈርሳ ግድብ አፍንጫችን ሥር ሆኖ ቧንቧችን ከሰኞ ጀምሮ ጭጭ። የምቀዳው ከታች ካለው ምንጭ ነው። ት/ቤት ዝግ። የቡራዩ ዋና መንገድ በድንጋይ ዝግ። የወንድሜ የጫላ አፍ ብቻ ክፍት። ይጠጣል፣ ይሸናል፣ ይጠጣል። ደብተሬ፣ ጠፋ ያልነው ቧንቧ ጫላ ሆኖ ቤት ገብቷል።

እሁድ አዲስ አበባን ወደ እኛ የሚያሰፋውን ማስተር ፕላን ሊቃወም ወጥቶ አናቱን በፖሊስ ዱላ ተመታ። እማዬ ቁስሉን በጨው አጥባ አሰረችለት። ሆስፒታል የሄደ ይታሰራል ስለተባለ እቤት ተደበቀ። ጥሙ የጀመረው ማክሰኞ።

ኅዳር 30፣ ጠዋት

ኦቦ ረጋሳ፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ ምርመራ ጀመሩ። ስኳር ነው አሉ። የጫላን ሽንት ድንጋይ ላይ አፍስሰው፣ በርጩማ አስቀርበው፣ ጋቢ ተከናንበው ጉንዳን ይጠብቃሉ። ሽንቱ ከጣፈጠ ይመጣል ባይ ናቸው። ሁለት ሰዓት ሙሉ። አንድም የለ። ቀጠሮ አስይዘውት ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። እማዬ በዓይኗ ቆነጠጠችኝ። እሳቸው፣ መንገድ ተዘግቶበት ይሆናል አሉ። ቀልድ ይሁን የምር እስካሁን አልገባኝም።

ያው ዕለት፣ 10 ሰዓት

ባዮሎጂ መጽሐፌን አወጣሁ። ክፍል ውስጥ የተኛሁበት ገጽ። አንጎል ሥር አተር የምታክል ዕጢ አለች። ሰውነት ውሃ ሲያንሰው፣ አንጎል የሠራውን ኤዲኤች የሚባል ሆርሞን ትለቃለች፤ ኩላሊት ውሃውን ያዝ ተብሎ ይታዘዛል። ትእዛዙ ካልመጣ ዝም ብሎ ይለቀዋል። የጫላ ሽንት እኮ ቀለም እንኳ የለውም! ጉንዳን ምን ሊልስ ይመጣል? ዱላው ደግሞ ያረፈው አናቱ ላይ። መጽሐፉ ስለ ዱላ አይልም። የገጣጠምኩት እኔ ነኝ፣ ልሳሳትም እችላለሁ። ለኦቦ ረጋሳ ነገርኳቸው። ጭንቅላትና ፊኛን ምን አገናኛቸው ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ።

ታኅሣሥ 1፣ 9 ሰዓት

ጠዋት አዲስ ሕክምና ታዘዘ። የሚሸናው ስለሚጠጣ ነው፣ ውሃ ይከልከል። ጀሪካኖቹ ጓዳ ተቆለፈባቸው። ቁልፉ ኦቦ ረጋሳ ኪስ። ደብተሬ፣ አንተን አልዋሽህም፣ ደስ አለኝ። ዛሬስ አልቀዳም ብዬ ተኛሁ።

ስነቃ ጫላ አሁንም ይሸናል። ምላሱ እንጨት ሆኗል። ቢሻን፣ ቢሻን ይላል፤ በኦሮምኛ ውሃ እየለመነ። እኔን በእማዬ ስም ጠራኝ። ቁልፉን ይስጡኝ አልኳቸው። እምቢ። የጓዳውን በር በመጥረቢያ ገንጥዬ አጠጣሁት። ማንም አልተቆጣኝም። ያ ነው ያስፈራኝ።

ታኅሣሥ 2፣ ጠዋት 2 ሰዓት

ጤ/ጣቢያ ይሂድ ተባለ። ግን ኦቦ ረጋሳና የሰፈሩ ሽማግሌዎች መክረዋል፦ ስኳር ነው በሉ፣ ስለ ጭንቅላቱ ትንፍሽ እንዳትሉ፣ ፖሊስ ይጠራል። ቁስሉን በሱፍ ኮፍያ ሸፈኑት። አልፈርድባቸውም። የጎረቤታችን ልጅ ከሆስፒታል አልጋው ላይ ነው በፖሊስ የተወሰደው።

ግን ስኳር ካልን ጣቱን ወግተው፣ የለበትም ብለው ይመልሱናል። ከዚያስ? ሌላ ጀሪካን? ደክሞኛል።

ጤ/ጣቢያ የሚወስደን ጋሪ መጣ። እማዬ እየጠራችኝ ነው። ስንት ጣሳ እንደጠጣ፣ ስንቴ እንደሸና ጽፌ ይዣለሁ። ኮፍያውን ሐኪሙ ፊት እኔ አወልቀዋለሁ። ኦቦ ረጋሳ ከፈለጉ ይርገሙኝ። ከታሰረ ስንቅ አመላልስለታለሁ፣ ማመላለስ እንደሆነ ለምጃለሁ። ከሞተ ግን የማመላልስለት የለም።