ያንገሸገሸኝ ፍርሃት

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ ለእትዬ ጣይቱ፤

ሰላምታዬ ከዚህ ከጨው ባሕር ማዶ ተነሥቶ፣ የጅቡቲን በረሃ አቋርጦ፣ የመርሳን ሜዳ አልፎ ደጃፍሽ ይድረስልኝ። እንደምን አለሽልኝ? ክረምት ሲገባ የሚነሣብሽ የጉልበት ቁርጥማት ዘንድሮ ማረሽ ወይስ እንደ ልማዱ አልጋ ላይ ጣለሽ? የአባባ ዓይንስ እንዴት ሆነ? ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በሰው እጅ ነው የሚመጡት ወይስ አሁንም በምርኩዛቸው ብቻ? ልጆቹ አደጉ? ዝናቡስ ጣለላችሁ? እንኳን ለጾመ ፍልሰታ በሰላም አደረሳችሁ።

እኔ አምላከ ቅዱሳን ይክበር ይመስገን በሕይወት አለሁ። ሰው ሁሉ ደብዳቤውን «ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ» ብሎ ነው የሚጀምረው። እኔ ግን ናፍቆቱም አለብኝ፣ ሌላም አለብኝ፤ ሆዴን ሲያቅለሸልሸኝ ከረመ። ባለፈው በስልክ «ዲያቆን ደስታው ጨርቁን ጣለ፣ የበሽተኛ ሰገራ ሲጠርግ ይውላል ይሉኛል፤ እውነት ነው ወይ?» ብለሽ ስትጠይቂኝ መስመሩ ተቋረጠ። ጨርቄን አልጣልኩም እትዬ። ሰገራ መጥረጌ ግን እውነት ነው። እንዴት እዚያ እንደደረስኩ ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰሚው ከእኔው ስሚው ብዬ ይህን ጻፍኩልሽ።

እንደምታውቂው ኑሮዬ እዚህ ዓደን፣ ብሬቃ የሚሉት ሰፈር ነበር። ዓሣ የሚራገፍበት ዳርቻ ላይ የዓሣ ሆድ ዕቃ እያወጣሁ፣ ዓሣውን በረዶ ውስጥ እየቀበርኩ እውላለሁ። ሽታው ከባድ ቢሆንም አፍንጫ ይለምደዋል። ከጦርነቱ ወዲህ በዚህ ከተማ መስቀል ያዩበትን ሰው የሚገድሉ ሰዎች ነበሩ፤ አሁንም የሉም ብሎ የሚምል የለም። ስለዚህ ማተቤን ከአንገቴ ፈትቼ ክንዴ ላይ፣ ከእጅጌዬ ሥር አስሬው ነበር። ሁላችንም እንደዚያው ነን።

እዚህ እሑድ የሥራ ቀን ስለሆነ፣ ዓርብ ዓርብ ተዋሂ ወደብ አጠገብ አቶ ኃይለሚካኤል ቤት ለጸሎት እንሰበሰባለን። አቶ ኃይለሚካኤል አባታቸው በእንግሊዝ ጊዜ መጥተው፣ እሳቸው እዚሁ ተወልደው፣ ለመርከቦች ዕቃ እያቀረቡ የከበሩ ሰው ናቸው። ካህን ስለሌለን ጸሎቱን የምመራው እኔ ነኝ። መስኮቱ ተዘግቶ፣ መጋረጃው ወርዶ፣ የውጭ ሰው እንዳይሰማ ሬዲዮ ተከፍቶ፣ እንደ ሌባ በሹክሹክታ እንጸልያለን። እኔ «ለታመሙት ጸልዩ» እላለሁ፣ እነሱ «አቤቱ ማረን» ይላሉ፤ ከዚያ ይበላል።

ግንቦት ላይ ኮሌራ ገባ። አንድ ቀን ዓሣ ስበልት ሀይሉ የሚባል የቆቦ ልጅ፣ ዓይኑ ጎድጉዶ፣ ከንፈሩ እንደ ደረቀ ቆዳ ተሰንጥቆ፣ ግድግዳ ይዞ መጣ። ይህን ደብዳቤ የሚሰጥሽ ራሱ ነው። ሰላሕ አድ-ዲን በሚባለው ሰፈር ሱፊያን የሚሉት ደላላ አለ፤ የአገራችን ሰው ነው። ወደ ሳዑዲ የሚሻገሩትን ልጆች ግቢ ውስጥ አጉሮ ያቆያቸዋል። በሽታው ሲነሣ የታመሙት ጤነኞቹን እንዳያስይዙበት ጎትቶ አውጥቶ፣ ጣሪያ የሌለው ባዶ የዓሣ መጋዘን ውስጥ ጣላቸው። ሀይሉም ከተጣሉት አንዱ ነበር። ትንሽ ሲሻለው እየዳኸ ወጣ። «አብሮ አደጌ ደሳለኝ እዚያ ቀርቷል፤ ውሃ የሚያቀብለው የለም» ብሎ እግሬ ላይ ወደቀ።

ሀይሉን ማደሪያዬ አስተኝቼ፣ በዚያው ዓርብ ነገሩን ለጉባኤው ተናግሬ «ሄደን እንርዳቸው» አልኩ። በዓለ ሃምሳ ስለነበር ዓርብም ቢሆን ዶሮ ተሠርቶ ነበር። አቶ ኃይለሚካኤል እየበሉ ሰሙኝና «ልጄ ደስታው፣ አለመሄዳችን ፍርሃት አይደለም፤ ጥበብ ነው። እዚህ የቆየነው አንገታችንን ደፍተን ነው። ደግሞም አብዛኞቹ የእኛ ሃይማኖት አይደሉም፤ የራሳቸው ሰዎች ይዩዋቸው» አሉኝ፣ ጥርሳቸው መሃል የገባውን ሥጋ በጥፍራቸው እየፈለጉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ኤልሣ «በጸሎት እናስባቸው» ብለው መሐረባቸውን አፍንጫቸው ላይ አደረጉ፤ ሽታው ከሰላሕ አድ-ዲን ተዋሂ ድረስ የመጣባቸው ይመስል። ከዚያ «በል እስቲ ዲያቆን፣ የመዝጊያውን ጸሎት አድርግልን» ተባልኩ።

ተነሥቼ «ለታመሙት» ብዬ ጀመርኩ። ከዚያ ወዲያ አልወጣ አለኝ። የበላሁት ዶሮ ወደ ላይ መጣ። ወጥቼ ደረጃው ላይ አስመለሰኝ። ከኋላዬ አንዱ «ይዞት ይሆን እንዴ?» ሲል ሰማሁ፤ ቀጥሎ በሩ ተቆለፈ።

እትዬ፣ ደፋር ሆነ የሚሉሽን አትስሚ። ያን ቀን ድፍረት አላገኘሁም። ጉባኤው አንገሸገሸኝ፤ ከእነሱ ይልቅ ደግሞ የራሴ ፍርሃት ቀፈፈኝ፤ ሳይታጠብ እንደ ከረመ ልብስ ገላዬ ላይ ተጣብቆ ሸተተኝ። ላወልቀው ፈለግኩ፤ ይኸው ነው።

በማግስቱ ሥራዬን ትቼ ደባብ ተሳፈርኩ፤ ደባብ የሚሉት ትንሿን ሚኒባስ ነው። ሰላሕ አድ-ዲን ስንደርስ «ዐላ ጀንብ» ብዬ ማስቆም ነበረብኝ፤ ምላሴ ተሳሰረ። እስከ መጨረሻው ሄጄ በዚያው ደባብ ተመለስኩ። ስንመለስም አለፍኩት። በሦስተኛው ሹፌሩ በመስታወት አየኝና «ያ ሐበሺ፣ ለመሆኑ ቤትህ የት ነው?» አለኝ። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀብኝ። ከኀፍረቴ ብዛት እዚያው ወረድኩ።

የመጋዘኑ ሽታ ከበሩ በፊት ተቀበለኝ። ሱፊያን ደጃፉ ላይ ጥላ ሥር ተቀምጦ፣ ጉንጩን በጫት ወጥሮ፣ ከበሽተኞቹ እግር የገፈፈውን ጫማ ግራና ቀኙን እየፈለገ ያጣምራል። «ምን ፈለግህ?» አለኝ። «ልጠይቃቸው» አልኩት። «ምንህ ናቸው?» ሲለኝ «ዲያቆን ነኝ» አልኩት። ከአፌ ሲወጣ ራሴም ደነገጥኩ። እዚህ አገር ከገባሁ ጀምሮ ይህን ቃል ከቤት ውጭ፣ ፀሐይ ላይ ተናግሬው አላውቅም። ሱፊያን ሲስቅ አረንጓዴ ለሃጩ አገጩ ላይ ወረደ። «ግባ እንግዲህ ዲያቆን፤ ዕጣኑ ውስጥ ተጨሷል» አለኝ።

ውስጡን ሁሉ አልጽፍልሽም፤ ለአባባ ስታነቢላቸው ይሰቀጥጣቸዋል። ሰው በራሱ ሰገራ ላይ ተኝቶ፣ ዝንብ ዓይኑ ላይ ሲሰፍር የሚያባርርበት ክንድ አጥቶ አየሁ። ከነሱ መሃል አንዲት ሴት ወዲያ ወዲህ ትላለች፤ ኢንቲሳር ትባላለች፣ የሰፈሩ ነርስ ናት፣ የመናዊት። የጥቁር ዐባያዋን ጫፍ ሰብስባ ወገቧ ላይ አስራ ሴቶቹን ታጥባለች። ማንነቴን እንኳ ሳትጠይቅ «ቆመህ አትይ! ክሎሪኑን በጥብጥ። ሴቶቹ የእኔ፣ ወንዶቹ ያንተ» አለችኝ። የመጀመሪያውን ልጅ ልገለብጠው ስነካው እጄ በራሱ ጊዜ ወደ ኋላ ሸሸ፤ ግድግዳው ሥር ሄጄ አስመለሰኝ። እሷ ቀና ሳትል «ጨርሰህ ተመለስ፤ እኔም መጀመሪያ እንዲያው ነበርኩ» አለች። ተመለስኩ።

ደሳለኝን ያወቅሁት አንገቱን ሳጥበው ነው። ፀሐይ ባጠቆረው ቆዳው ላይ ቀጭን ፈዛዛ መስመር አለ፤ ደላሎቹ ማተቡን በጥሰውበታል። የእኔን ከክንዴ ፈትቼ አሰርኩለት። በዳበሳ ሲያገኘው ዓይኑን ገለጠና «ካህን አለ?» አለኝ። «ካህን እንኳ የለም፤ ዲያቆን ነው ያለው» ስለው «ይሁን፣ አትሂድ» አለ። አልሄድኩም። ጨውና ስኳር የተበጠበጠበትን ውሃ በማንኪያ እየሰጠሁት ዋልኩ። አንዱን ሲውጥ ሌላውን ይመልሰዋል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ማንኪያው ጥርሱ ላይ ቀረ።

መዓላ በሚባለው ሰፈር የክርስቲያኖች የድሮ መቃብር አለ። እዚያ እንዲያስቀብሩልኝ ለአቶ ኃይለሚካኤል ደወልኩላቸው። «ስማችንን አታስነሣብን፤ ስልኬንም ከስልክህ አጥፋው» ብለው ዘጉት። ሐሩሩ ሬሳ አያሳድርም። ከማደሪያዬ ከመጣው ከሀይሉ ጋር ሆነን ከሰፈሩ ዳር፣ ባሕሩ አጠገብ መቆፈር ጀመርን። ፍትሐት የካህን ነው፤ እኔ የዲያቆን አቅሜን፣ አባባ በልጅነቴ ያስጠኑኝን ዳዊት በቃሌ ደገምኩለት። እናታችን የሰጠችኝን ነጠላ አውጥቼ መስቀለኛ ለበስኩ። ድምፄን ዝቅ አላደረግኩም። የሰፈሩ ወንዶች አንድ ሁለት እያሉ መጥተው ራቅ ብለው ቆሙ።

አንድ ወታደር ክላሽ አንግቶ አቅራቢያው ካለው ኬላ መጣ። «ምን ታደርጋላችሁ?» አለ። ሀይሉ ዶማውን ጥሎ እጁን አነሣ። እኔ በዐረብኛ «ነስራኒ ነኝ፣ ክርስቲያን። ወንድሜን እየቀበርኩ ነው» አልኩት። አልዋሽሽም እትዬ፣ ያን ስል ሽንቴ ጠብ ብሎብኛል። ቃሉ ግን አልተንቀጠቀጠም። ወታደሩ እኔን አየ፣ ነጠላዬን አየ፣ ሬሳውን አየና አሸዋው ላይ ምራቁን ተፋ። ከዚያ «ጥልቅ አድርጋችሁ ቆፍሩ፣ ውሻ እንዳያወጣው» ብሎ ተመለሰ። ከቆሙት ሰዎች አንድ ሽማግሌ አካፋ ይዘው መጡና አፈሩን አብረውን መለሱ። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኳቸውም።

ከዚያ ወዲያ የብሬቃው አለቃዬ «በሽታ ይዘህ ዓሣዬ አጠገብ እንዳትደርስ» ብሎ አባረረኝ። ከተዋሂም «ነገሩ እስኪበርድ ለጸሎት አትምጣ» የሚል መልእክት ደረሰኝ። ወይዘሮ ኤልሣ ግን በሰው እጅ አንድ ካርቶን ሳሙናና አንሶላ ልከው «ከእኔ ነው እንዳትል» አሉኝ። ገንፍዬ ካርቶኑን በእግሬ ገፋሁት። ኢንቲሳር «ሳሙና ምን አደረገህ?» ብላ አንሥታ ወሰደችው። እውነቷን ነው። እንግዲህ መጋዘኑ ውስጥ አብሬያት መሥራት ያዝኩ፤ ሸራ ወጥረን ጥላ አበጀን፣ ለሴቶቹ መጋረጃ ለየን።

አሁን ከሁሉ የከበደኝን ልንገርሽ። ሐምሌ ላይ አንድ ፒክአፕ መጥቶ ደጃችን ላይ ሰው ወርውሮ ሄደ። ሱፊያን ነው። ይዞታል። የገዛ ሰዎቹ እንደ ቆሻሻ ጣሉት። ሱሪው ተበላሽቶ፣ ጉንጩ ተመጥምጦ፣ «ውሃ» ይላል። ሀይሉ አየውና «ተወው፣ ይሙት፤ ደሳለኝን ማን አጠጣው?» አለኝ። ከሆዴ ውስጥ ርኅራኄ ፈለግኩ፤ ምንም የለም። ከዚያ መጋዘን ቆሻሻ ሁሉ የዚያን ያህል የተጸየፍኩት አልነበረም። የኔታ «ዲያቆን ማለት አገልጋይ ማለት ነው» ሲሉን የሚወደውን ብቻ የሚያገለግል አላሉንም። ባልዲውን አንሥቼ ሄድኩ። ልብሱን ቀድጄ ጣልኩ፣ አጠብኩት፣ በማንኪያ አጠጣሁት። እያጠብኩት እጄን ያዘኝ። ቀፈፈኝ። ሆኖም አላስለቀቅኩትም፤ እስኪተኛ ድረስ ይዞት ቆየ።

ዳነ። ተነሥቶ መቆም ሲችል ቃል ሳይተነፍስ ሄደ። እዚያ ማዶ፣ አሽ-ሸዕብ አካባቢ ሌላ ግቢ ከፍቶ ልጆች እያጎረ ነው ይላሉ። ስሰማ ለምን አዳንኩት ብዬ ሙሉ ቀን ከእግዚአብሔር ጋር ተጣላሁ። መልስ ሳላገኝ ከዚያው ግቢ የተጣሉ ሦስት ልጆች በጋሪ ተጭነው ደጃችን ደረሱ። አንዷ ሴት ናት፤ ከኢንቲሳር ጋር አወረድናት።

እንግዲህ ሀይሉን ብቻውን ስታዪው የደነገጥሽው ለዚህ ነው። ስደተኛውን ወደ አገር በሚመልሰው ጀልባ ለእኔም ቦታ ተይዞልኝ ነበር። ለሌላ ታማሚ ሰጠሁት። ልትቆጪኝ መብትሽ ነው፤ ክረምቱን እየጠበቅሽኝ እንደነበር አውቃለሁ። ፍርሃቱ ለቆኝ አይደለም። ሆኖም አሁን እየፈራሁም እሄዳለሁ። ሀይሉን አደራ፣ አጥግቢው፤ ሆዱ ገና አልጠነከረምና በርበሬ አታብዢበት። ወደ ቆቦ ከመሄዱ በፊት አሳርፊው፤ ለደሳለኝ እናት የሚነግረው ነገር ከባድ ነው።

የአባባን ጉልበት ስሚልኝ። ልጃቸው ቅስና ሳይቀበል ባሕር ማዶ ቀረ ብለው እንደሚያዝኑ አውቃለሁ። ለእህቴ ለድንቅነሽ፣ አራስ ቤቷን እግዚአብሔር በሰላም ያውጣት በይልኝ። ፍቅረሥላሴ ትምህርቱን እንዳይተው ተቆጪልኝ። ለጎረቤታችን ለሂክማ፣ በሃይማኖት እህቷ የሆነች ሴት ሰው መሆንን እያስተማረችኝ እንደሆነ ንገሪያት፤ ደስ ይላታል። ለግቢው ሰው ሁሉ፣ ለከብቱም ለመስኩም ሰላም በይልኝ። ለአባባ ደግሞ አንድ ነገር ለብቻቸው በጆሯቸው ንገሪልኝ፦ ደስታው ዳዊቱን የሚደግመው አሁን በሩን ከፍቶ ነው በያቸው።

ወንድምሽ ዲያቆን ደስታው
ሰላሕ አድ-ዲን፣ ዓደን
ነሐሴ ፯ ቀን ፳፻፱ ዓ.ም.