ልቡ ያዘነበለ ገዢ

ቆቦ፣ የካቲት 16 ቀን 1956 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለእሸቴ ፈንታው፣ አሰብ።

ልጄ ዓይኔ፣ እንዴት ከርመሃል? የዚያ የባሕር ዳር ወበቅ እንዴት አድርጎሃል? እኛ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን። እናትህን ጌጤን ጉልበቷን ያማታል፤ አፏ ግን ደህና ነው፣ እኔን ለመቆጣት ደክሟት አያውቅም። ማሽላው ዘንድሮ መልካም ነበር፤ ጎርፉ በጊዜው ወርዶ የታችኛውን ማሳ አጠጣልን። ቀዩ በሬ አርጅቷል። ልሸጠው ብል እናትህ "እሸቴ ያሳደጋት የላሟ የቡሬ ልጅ ነው" ብላ ከበረት አላስወጣ አለችኝ።

ይህን ደብዳቤ ጸሐፊ አላስጻፍኩትም። የምነግርህን ሌላ ሰው እንዲሰማው አልፈለግሁም። ልጅ ሆኜ ዳዊት ስደግም የያዝኳት ፊደል እስካሁን አልከዳችኝም፤ መስመሩ ቢጣመምብህ ታገሠኝ።

ለፋሲካ እመጣለሁ ብለህ የላክኸው ቃል ደርሶናል። እናትህ በደስታ ለጎረቤቱ ሁሉ ተናግራ ጨርሳለች። ልጄ፣ ከኔ ሌላ ቃል ሳይደርስህ ከአሰብ ንቅንቅ እንዳትል። ምክንያቱን እነግርሃለሁ፤ ደላላ ነኝና ነገሩን ከሥሩ ካልጀመርኩ አይሆንልኝም።

በቆቦ ገበያ ጠመንጃ እንደማሻሽጥ ሳትሰማ አትቀርም። ስሜ ጠፍቶ "አባ ምንሽር" ሆኜ ቀርቻለሁ፤ ገበያው ፈንታው የሚባል ሰው አያውቅም። ከብት ዘራፊ ባለበት ቆላ ጠመንጃ የሌለው አባወራ በር እንደሌለው ቤት ነው እያልኩ ስንቱን አስታጠቅሁ። አንተና ሞላ በጎርፍ ውሃ ተራ ስትጣሉ የያዛችሁት ዱላ ባይሆን ኖሮ እል ነበር። ጠመንጃ ቢሆን ተፈራርታችሁ ትለያዩ ነበር፣ ሞላም አይሞት፣ አንተም አትሰደድ። ይህን እያልኩ አሥራ አራት ዓመት ኖርኩ። ከልቤም አምኜበት ነበር።

ስጀምር ያገኘሁትን ሁሉ ለማሳመን እደክም ነበር። "ጠመንጃ ቤቴ አይገባም" ያለውን ገበሬ ቀኑን ሙሉ ስለፈልፍበት እውላለሁ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ! ኋላ ነቃሁ። እምቢ ያለን ሰው መጎትጎት ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ልቡ ያዘነበለውን መፈለግ ነው። ምልክት አለው፤ ዋጋ ሳይጠይቅ እጁ ሰደፉን ይዳስሳል፣ አልገዛም እያለ ሦስቴ ተመልሶ ይመጣል። በሬው የተዘረፈበት ነው፣ ወይ ሊያገባ ያጨ ነው፣ ወይ ጓደኞቹ ታጥቀው እሱ ባዶ ትከሻውን የሚሄድ ነው። እንዲህ ያለውን በትንሹ ገፋ ማድረግ ነው፤ ቁልቁለቱን ራሱ ይወርደዋል። ሌላም ደንብ ነበረኝ። ለምን እንደሚፈልገው አልጠይቅም፤ የማን ልጅ ነህም አልልም። ጥያቄ የሞቀ ልብ ያቀዘቅዛል።

ኅዳር ላይ አንድ ልጅ ከዋጃ መጣ። አሥራ ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ከትልቅ ሰው ፊት የማይቀመጥ ጨዋ ልጅ። እሸቴዬ፣ አንተን አንተን አለኝ። ሰደፉ ላይ ቀይ ቆዳ የተሰፋበትን ምንሽር ዳሰስ አደረገና እጁን ቶሎ ሰበሰበ።

"አይ አባባ፣ ለኔ አይሆንም። እናቴም አትወድ" አለኝ።

"እናት ደግሞ ይህን መቼ ወዳ ታውቃለች?" አልኩት። "ያዘው እንጂ፣ መያዝ አያስከፍል።"

በሁለተኛው ገበያ መጣ፤ በሦስተኛውም መጣ። አባትህ የታለ፣ ይህን ምን ሊያደርግልህ ነው ማለት ሲገባኝ "ወንድ ልጅ ባዶ ትከሻውን አያምርበትም" አልኩት። ገዛ። ይባስ ብዬ ከከተማው ወጣ አድርጌ፣ ጉቶ ላይ ድንጋይ አቁሜ መተኮስ አስተማርኩት። ትከሻውን ይዤ "ትንፋሽህን ዋጥ፤ ዓይንህን አትጨፍን፤ ምላጩን ቸኩለህ አትሳብ" አልኩት። በሦስተኛዋ ጥይት መታ። ደስ ብሎት እጄን ሳመኝ። እኔም መረቅሁት።

ባለፈው ሳምንት ሼህ በድረዲን እቤታችን መጡ። በኛና በሞላ ወገን መካከል ያለውን ደም ለማድረቅ ስንት ዓመት የደከሙትን የጎብዬውን ሽማግሌ አትረሳቸውም።

"አያ ፈንታው፣ ዋጃ የሞላ ሚስት የሺ ዘንድ ደርሼ መጣሁ" አሉኝ። "እሷስ ልቧ ራርቷል። ልጁ ነው የሚያሰጋው። አባቱ ሲሞት አዝላው ወደ ወንድሞቿ የሄደችው ይርጋ፣ ወላሂ፣ ዛሬ ምንሽር ታጥቋል። 'የአባቴ ገዳይ ለፋሲካ ይመጣል አሉ' እያለ ቀን ይቆጥራል።"

"ምን ዓይነት ምንሽር?" አልኩ።

"እኔ መች አውቅበትና! ሰደፉ ቀይ ቆዳ የተሰፋበት ነው።"

ሼሁ ሌላም ብዙ ተናገሩ፤ አልሰማኋቸውም። እሳቸው ሲሄዱ ለእናትህ ነገርኳት። ትጮሃለች ብዬ ነበር፤ አልጮኸችም። የምትለቅመውን ማሽላ አስቀምጣ አየችኝ። "የማን ልጅ ነህ ብትለው ምን ነበረበት?" አለችኝ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። በዚያ ልጅ ላይ ያየሁት መዘንበል የልጅ ጉጉት መስሎኝ ነበር። የአባት ደም ኖሯል።

በማግስቱ ሼሁን ፈልጌ ጎብዬ ወረድኩ፤ የልጁ ምንሽር ከማን እጅ እንደወጣም ነገርኳቸው። "ከልጁ ጋር አትድከሙ፤ አሁን ጆሮ የለውም። ያዘነበለችው የሺ ናት፤ እሷን ያዙ" አልኳቸው። ከዚህ ሁሉ ዘመን ድለላዬ ለደህና ነገር የዋለው ይህ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ሼሁ ተመለሱ፣ እናትህ ጌጤ የላከችውንም ልመና አደረሱላት። የሺ ምን አለች መሰለህ? "የጌጤን የአሥራ አራት ዓመት ለቅሶ ስሰማ ኖሬያለሁ። ያንጊዜ ይበላት እል ነበር። ዛሬ ልጅ ሲያድግብኝ ግን፣ የኔም ገድሎ በሰው አገር ሲንከራተት ማየት አልፈልግም።" ብላ ተነሥታ ልጇን ባጠባችው ጡቷ ለመነችው።

ልጁ ለእናቱ ብሎ ለእርቅ ልቀመጥ አለ። ግን "የገዳዩ አባት ራሱ ድንጋይ ተሸክሞ ይምጣ፤ ፊቱን አይቼ እወስናለሁ። ምንሽሬንም አላስቀምጥም" አለ። ሽማግሎቹ ለምነው አቃታቸው። ቀኑ የፊታችን ሐሙስ ነው፣ ጾም ሳይገባ።

ልጁ አባ ምንሽርን እንጂ ፈንታውን አያውቅም። ሼህ በድረዲን አስቀድመን እንንገረው አሉ፤ እኔ እምቢ አልኩ። ቢነግሩት ተታለልኩ ብሎ ይቀራል። ከቀረ ደግሞ የሚጠብቀው አንተን ነው። ስለዚህ ሐሙስ ድንጋዩን በአንገቴ አድርጌ እሄዳለሁ፤ ቀና ስል ያየኛል። ከዚያ በኋላ ያለው የእግዚአብሔር ነው። አልፈራሁም ብልህ ውሸት ነው፤ ፈርቻለሁ። ግን ከጥይቱ ይልቅ የልጁን ፊት ነው የምፈራው። እጄን ስሞኛልና።

እንግዲህ ስማኝ። ከሐሙስ በኋላ በዚችው በኔ ጠማማ ጽሕፈት ደብዳቤ ከደረሰህ፣ በፋሲካ ና፤ እናትህ ብትቆጣህም ተከራክረህ በሬውን ከበረት አስወጣው። በሌላ ሰው እጅ የተጻፈ ከመጣ ግን አትምጣ። እናትህን ወደ አንተ አስመጣት፤ ጉልበቷ ሙቀት ይወዳል። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ስለ ማሽላና ስለ ከብት እንጂ ናፈቅኸኝ ብዬ ጽፌልህ አላውቅም። ናፍቀኸኛል። እንቅልፍ እስኪነሳኝ ናፍቀኸኛል።

የጨው መኪናው ሹፌር ከማሉዲን ሊነሣ ነው፤ ደብዳቤውን እሱ ነው የሚያደርስልህ። እናትህ በር ላይ ቆማ "ምን ይሄን ያህል ያስጽፍሃል?" ትለኛለች። ሐሙስ ለእርቅ እንደምሄድ ታውቃለች። ልጁ ምንሽሩን ይዞ እንደሚመጣ ግን አልነገርኳትም፤ አንተም አትንገራት።

አንድ ነገር ቀረኝ። ነገሩ ካልቀና፣ ይርጋን አትፈልገው። ልጅ ነው፤ ማነጣጠሩንም ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ አንተም ልብህ ያዘነበለ ሰው ትሆናለህ። አንተ ሳታውቀው እንደኔ ያለ ሰው ከሩቅ ያውቅሃል። መጥቶ አጠገብህ ይቀመጣል፤ ኀዘንህን ይጋራሃል፤ መያዝ አያስከፍል ይልሃል። ምላሱ ጣፋጭ ነው፣ ልጄ፣ እኔ አውቀዋለሁ። አትመልስለት። ተነሥተህ ሂድ።

በዛሬው ቀኗ ኪዳነ ምሕረት ጥላዋን ትዘርጋብህ። የወጣህበት ይቅናህ፤ ልጅ ወልደህ፣ ልጅህም በሰላም ሲያረጅ ለማየት ያብቃህ።

ወላጅ አባትህ
ፈንታው