የሰባት ሰዓት መንገድ

ለውድ እህቴ ለትብለጽ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ያ የብርድ ሳልሽስ ለቀቀሽ ወይ? እኔ ከዓይኔ ሞራና ከፍርሃቴ በቀር ደህና ነኝ። ደብዳቤ ይከፈታል ስለሚሉ ይህን በፖስታ አልላክሁትም፤ ዓርብ ወደ ሮም የሚበረው ብርሃነ በእጁ ይሰጥሻል። ፊደሌ ቢንጋደድ አትሳቂብኝ። አንቺን አባባ ተማሪ ቤት ሲያስገባሽ እኔን ጓዳ አስቀረኝ፤ እኔ አምሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ቀበሌ ቁጭ ብዬ የለቀምኩት ነው።

የላክሽው ትኬት ደርሶኛል። የመውጫ ፈቃዱም ከስንት ደጅ ጥናት በኋላ ወጣልኝ። ጎረቤቴ ረሂማ፣ ሰማይ ላይ ስትደርሺ ለእኛም አቤት በይልን፣ ከቅርብ ይሰማሻል እያለች ትቀልድብኛለች።

እኔን ያስፈራኝ ሰማዩ አይደለም። አርአያ ልጄን ከዚህ ቤት ከወሰዱት ሰባት ዓመት ሆነ። ሞቷል ያለኝ የለም፤ አለ ያለኝም የለም። በር በተንኳኳ ቁጥር ልቤ ትዘላለች፤ እሱ ይሆን፣ ወይስ እነሱ? ረሂማ እሱ ከተወሰደ በኋላ የመጣች ጎረቤት ናት፤ አያውቃትም። መጥቶ የማያውቃት ሴት በሩን ብትከፍትለት፣ እናቴ ሞታለች ብሎ ይሄድብኛል።

ባለፈው ሰኞ ቸርችል ጎዳና ወርጄ ትኬት ቢሮ ገባሁ። ሠራተኛው ከቦሌ እስከ ሮም አራት ሺህ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ መሀል ላይ ከሚያርፍበት ጋር ሰባት ሰዓት ይፈጃል አለኝ። ደስ አለኝ። ልጄ ቢመጣ ረሂማ ቴሌግራም ታደርግልኛለች፣ ሰባት ሰዓት እበራለሁ፣ ከቦሌ ፒያሳ በታክሲ እደርሳለሁ ብዬ አሰብኩ። አንድ ቀን እንኳ አባብላ ታቆይልኛለች።

ከበሩ ተመልሼ፣ መምጫውም ሰባት ሰዓት ነው ወይ አልኩት። ሳቀና፣ ያው ነው እማማ፣ ግን የሚመጣው ረቡዕና ቅዳሜ ብቻ ነው አለኝ። ቅዳሜ አውሮፕላኑ ከሮም ከተነሣ በኋላ ልጄ በሬን ቢያንኳኳ፣ እስከ ረቡዕ ማን ይዞ ያቆይልኛል? ሰባት ሰዓት የተባለው መንገድ አራት ቀን ሆነብኝ።

ትኬቱን ብርሃነ ይመልስልሻል። ዓይንሽ ካልታከመ ልጅሽ ሲመጣ ፊቱን በምን ታይዋለሽ ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር። እውነትሽን ነው፤ ላላየው እችላለሁ። በሩን የምከፍትለት ግን እኔ ነኝ። አንቺ በጊዜ ስለወጣሽ ይህ አይገባሽም፤ እንዲገባሽም አልመኝም።

ባለቤትሽን ገነነን ሰላም በይልኝ። እፀገነትን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ አክስትሽ አውሮፕላን ፈርታ ቀረች በያት። ከዚህ ቤት ሰላም የምልሽ ለጊዜው እኔ ብቻ ነኝ።

እህትሽ ሓዳስ
ፒያሳ፣ ከጊዮርጊስ በታች
ግንቦት 12 ቀን 1977 ዓ.ም.