እማዬን ለማንሳት

ኅዳር 23 ቀን፣ እሁድ ጠዋት

ውድ ወንድሜ፣

እንዴት ነህ? ባሕሩስ እንዴት ይዞሃል? ይህ ደብዳቤ የድርጅታችሁ ቢሮ ደርሶ፣ ከዚያ ወደ መርከባችሁ እስኪተላለፍ ስንት ሳምንት እንደሚፈጅ አላውቅም። በስልክ ልነግርህ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ነበር። አንተ ጋ መስመሩ ሲቆራረጥ፣ እኔ ወሬ ስቀይር፣ ሦስቱንም ጊዜ ስለ አየሩ አውርተን ዘጋን። ወረቀት አይቆራረጥም። እስከ መጨረሻው አንብበው። መሃል ላይ ተናድደህ ብትወረውረው እንኳ ቆይተህ አንሳውና ጨርሰው።

እኔ ደህና ነኝ። ፋብሪካው እንደነበረው ነው፤ ዛሬም ኮሌታ እሰፋለሁ። የአለቃዬም አፍ እንደነበረው ነው። ቤቱ ውስጥ የተለወጠ ነገር ቢኖር የእማዬ አልጋ ነው፤ ፈታትቼ ግድግዳ ላይ አስደገፍኩት። ክፍል ሲሰፋ ያስፈራል ለካ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? እኔም ከሥሩ ልጀምርልህ።

አንተ ስትሄድ እማዬን ቀኝ ጎኗ ከከዳት ሁለት ወር ሆኗት ነበር። አንተ እንደ ሕፃን እቅፍ አድርገህ ከአልጋ ወደ ዊልቸር ታሸጋግራት ነበር፤ እሷም በደህናው እጇ ጆሮህን እየጎተተች ትስቅ ነበር። ከሄድክ በኋላ ያ ሥራ የእኔ ሆነ። እኔን ደግሞ ታውቀኛለህ፤ እማዬ «ሸንበቆ» ብላ ያወጣችልኝ በከንቱ አይደለም። ቀኑን ሙሉ ማሽን ላይ ጎብጬ እውልና፣ ጠዋትና ማታ ከእኔ አንድ እጥፍ የምትከብድ እናት አነሳለሁ። ካላነሳኋት ጀርባዋ ይቆስላል። በስልክ «እንዴት እየሆናችሁ ነው?» ስትለኝ «አለን» እልህ ነበር። እውነቱ ግን በሁለተኛው ወር ወገቤ ተያዘ፤ ጫማዬን ማሰር እንኳ አቅቶኝ ነበር።

ሚያዝያ ላይ ለክትትል ሐኪም ቤት ስንሄድ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ የእማዬን እግር እያጠፈች እየዘረጋች፣ በጎን እኔን ታየኛለች።

«እስቲ እጅሽን ሳትደገፊ ከወንበሩ ተነሺ» አለችኝ። ተነሳሁ። «አሥር ጊዜ» አለች። ስድስተኛው ላይ ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ።

ኮሪደር ላይ አወጣችኝና «እውነቱን ልንገርሽ?» አለችኝ። «የእናትሽ እግር ከዚህ በላይ አይመለስም። ከእንግዲህ እሷን የሚያቆያት የእኔ ሥራ አይደለም፣ ያንቺ ወገብ ነው። በየቀኑ ጠዋት፣ ሥራ ሳትሄጂ ስፖርት ሥሪ። ሰውነትሽ ሳይሟሟቅ እሷን እንዳታነሺ።»

«ጊዜ የለኝም እኮ።»

«እንግዲያው ከእንቅልፍሽ ስረቂ።»

እንዲህ ነው የተጀመረው። ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ስልኬ ይጮሃል። የመጀመሪያውን ሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነው የተነሳሁት፤ የቀረውን ስልኩን ትራስ ስር ቀብሬ ተኛሁ። በሁለተኛው ሳምንት ስልኩን እማዬ ራስጌ አስቀመጥኩት። እማዬ ደግሞ ሃያ ስድስት ዓመት የስልክ ኦፕሬተር ሆና የኖረች ሴት ናት፤ ስልክ እየጮኸ ዝም አትልም። እኔ ካልተነሳሁ በግራ እጇ የአልጋውን ብረት በማንኪያ ትቀጠቅጥልኛለች። የሞተ የሚያስነሳ ነበር።

አልጋዋ ፊት ለፊት ቆሜ ቁጭ ብድግ እሠራለሁ። ከዚያ ግድግዳውን እገፋለሁ፤ ውሃ የሞላ ጀሪካን ደረቴ ላይ አቅፌ ከበሩ እስከ መስኮቱ እመላለሳለሁ፤ መጨረሻ ላይ ሦስቱን ፎቅ ወርጄ እወጣለሁ። አንድ ቀን እማዬ ሳላስባት «አራት» አለች። ዘወር ብዬ አየኋት። «አምስት» አለች። ታስታውሳለህ፣ ስትሮኩ ቃሏን ሁሉ አሳክሮባት ነበር፤ «ውሃ» ለማለት «መጋረጃ» ትል ነበር። ቁጥር ግን ጥርት ብሎ ወጣላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቆጣሪዬ እሷ ሆነች። ስትቆጥር ደግሞ ታጭበረብራለች፤ ሰባት ትልና ወደ አምስት ትመለሳለች። «እማዬ፣ ሌባ!» ስላት ግማሽ አፏ ይስቃል። ሃያ ያልኩት ሠላሳ ሆኖ ያልቅ ነበር።

የታችኛዋ ጎረቤታችን፣ ጡረታ የወጣችው ፀጉር ሠሪ፣ መጀመሪያ ሰሞን ጣሪያዋን በመጥረጊያ እንጨት ደበደበችው። ከዚያ ራሷ ወጥታ መጣች። «በላዬ ላይ ፈረስ ነው የምታስጋልቡት?» አለች። ላብ በላብ ሆኜ ስታየኝ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «አዬ ልጄ! ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች!» ግን ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልተቆጣችም። ቀን ቀን እኔ ሥራ ስውል እማዬ ጋ የምትቀመጠው እሷ እንደነበረች ታውቃለህ። ቁልፍ ሰጥቻታለሁ። ፀጉሯን ትሠራላታለች፣ ታጎርሳታለች፣ ሐሜት ታመጣላታለች።

ነሐሴ ላይ ሰውነቴ ተለወጠ። ጀሪካኑ ቀለለኝ። አንድ እሁድ ቀን እማዬን ወገቧ ላይ በታሰረው ቀበቶ ይዤ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» አልን። ሁልጊዜ የምንነሳው በእሷ ሦስት ነው፤ እኔ አንድና ሁለት እላለሁ፣ ሦስትን እሷ ስትል ትዘጋጃለች፣ በደህናው እግሯም ትገፋልኛለች። የዚያን ቀን ከአልጋ ብቻ አላነሳኋትም፤ በረንዳው ድረስ ተሸክሜ አወጣኋት። አራት ወር ሙሉ መንገዱን አላየችም ነበር። የዳቦ ቤቱን ወረፋ አየች፣ ብስክሌት አየች። ክንዴን በጣቷ ጫን ጫን አደረገችና «ሸንበቆ... አይደለሽም» አለች። ቃሉ አልተሳከረባትም። እንደዚያን ቀን ተደስቼ አላውቅም፤ ላንተ ግን አልነገርኩህም። ለምን እንዳልነገርኩህ እንጃ። ምናልባት የኔ ብቻ እንዲሆን ፈልጌ ይሆናል።

አሁን ወደ ጥቅምት ልምጣልህ።

ፋብሪካው የሚላክ ትእዛዝ ነበረበት። ሦስት ቀን በተከታታይ ኦቨርታይም አስገቡን። አለቃዬ ለእኔ ለብቻዬ ደግሞ ሌላ ነገር ነበራት፦ «ከዚህ በኋላ አንድ ቀን ብታረፍጂ በሩ ላይ እንዳትደርሺ።» እሁድ ስፖርቱን ተውኩት። ሰኞም ተውኩት። ማክሰኞ እማዬ ብረቱን ቀጥቅጣ ቀጥቅጣ ስነሳ ለአስራ ሁለት አምስት ጉዳይ ነበር። ሰርቪሱ አስራ ሁለት ተኩል ይሄዳል። አልተሟሟቅሁም። ወገቤ እንደ ደረቅ ቆዳ ነበር። ቀበቶዋን ያዝኩ። አንድ አልኩ። ሁለት አልኩ። የእሷን ሦስት አልጠበቅኩም።

ወገቤ ላይ የሆነ ነገር ቋ አለ። እጄ ተከፈተ።

ወንድሜ፣ እማዬ በሥራ ሰዓት፣ ፀጉር ሠሪዋ እያየቻት አልወደቀችም። ከእኔ እጅ ነው የወደቀችው። እኔ ነኝ የጣልኳት።

እንዴት አድርጌ ከወለሉ እንዳነሳኋት አላስታውስም። አልጋው ላይ መለስኳት። ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። «እማዬ፣ ምንሽን አመመሽ?» አልኳት። «ደህና... ነኝ» አለች። ሰዓቱን አየች፤ እኔንም አየችኝ። «ሂጂ» አለች።

ሄድኩ።

የሚቀጥለውን ለማንም አልነገርኩም፤ ለፀጉር ሠሪዋም አልነገርኳትም። ብርድ ልብሱን ሳለብሳት እግሯ ወደ ውጭ ዞሮ አይቻለሁ። አይቼ አለበስኩት። «ደህና ነኝ ብላለች» እያልኩ ደረጃውን ወረድኩ፤ ሰርቪሱ ላይም ደረስኩበት።

ስድስት ሰዓት ላይ ፀጉር ሠሪዋ ደወለች። ሐኪም ቤት ስንደርስ ራጅ አነሷትና ዳሌዋ ተሰብሯል አሉ። ሐኪሙ «መቼ ነው የወደቀችው?» ብሎ ጠየቀ። ፀጉር ሠሪዋ አጠገቤ ቆማለች። እኔም «አላውቅም፣ ሥራ ላይ ነበርኩ» አልኩ። እንዲህ በቀላሉ። ኮሌታ እንደመስፋት። እሷ አየችኝ።

ከዚያ በኋላ ውሸቱ በራሱ እግር ሄደ። አክስታችን መጣችና አልጋው አጠገብ ፀጉር ሠሪዋ ላይ ጮኸችባት፦ «አምነንሽ ብንተዋት!» እሷ የእማዬን ፀጉር እያበጠረች ነበር። ማበጠሪያውን ኮመዲኖው ላይ አስቀምጣ ወጣች። አንተም እማዬ ከሞተች በኋላ የጻፍክላትን ታውቀዋለህ፤ «እናቴን የገደልሽ አንቺ ነሽ» ብለህ። አሳይታኛለች። ስልኳን ዘርግታልኝ ቆማ እስካነበው ጠበቀች። አንብቤ መለስኩላት። ያኔም ሆድ ይፍጀው አልኩ፤ ሆዴ ግን ሌላ ሰው እየፈጀ ነበር።

እማዬ አስራ አንድ ቀን ተኛች። በስምንተኛው ቀን ብቻችንን ስንሆን «እማዬ፣ ልንገራቸው?» አልኳት። ግራ እጇን አንስታ አፌ ላይ አደረገችው። ዝም በይ ማለቷ ይሁን ፊቴን መዳበሷ እስከ ዛሬ አላውቅም። እኔ ግን እንደሚመቸኝ ተረጎምኩት። ከዚያ ሳንባዋ ውሃ ያዘ። የሞተችው ጠዋት ነው፤ እኔ አጠገቧ ነበርኩ። አልጮኸችም። ይህንን እውነቱን ነው የምነግርህ፣ ሥቃይዋን ላሳንስልህ ብዬ አይደለም።

ከቀብሩ በኋላ ሰው ሁሉ እኔን አመሰገነ። «እንዳንቺ ያለ ልጅ ለማንም ይስጥ» አሉኝ። የፋብሪካ ጓደኞቼ ሳይቀሩ «ጠዋት ጠዋት ስፖርት እየሠራሽ ነው የያዝሻት አሉ፣ ጀግና!» አሉኝ። ፀጉር ሠሪዋ በር ላይ ቆማ ሰማች። እንደ ሌላው ሰው ወንበር አልቀረበላትም። አክስታችን ናት የከለከለችው።

ስፖርቱን ተውኩት ብዬ ነበር። ማንን ላነሳ? ግን ሰውነት ያስለመዱትን አይረሳም። ስልኩን ባጠፋውም አስራ አንድ ሰዓት ላይ ዓይኔ ይከፈታል። ተኝቼ ጣሪያ ማየት አልቻልኩም፤ ተነስቼ መሥራት ጀመርኩ። ቁጭ ብድግ፣ ጀሪካን፣ ደረጃ። አሁን ከሁልጊዜውም በላይ ጠንክሬያለሁ፤ እማዬን በአንድ እጅ የማነሳት ይመስለኛል። ይህ ነገር እንዴት እንደሚያንገበግብ ላንተ መግለጽ አልችልም።

ያለፈው ሐሙስ ደረጃውን ወርጄ ስወጣ የፀጉር ሠሪዋ በር ላይ ቆምኩ። አንኳኳሁ። ፎጣ ራሷ ላይ ጠምጥማ ከፈተች።

«እትዬ፣ እማዬን የጣልኳት እኔ ነኝ» አልኳት። ሌላ መግቢያ አልነበረኝም።

«አውቃለሁ» አለች።

«እንዴት?»

«ጣሪያዬ ላይ ነው የወደቀችው። አስራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ነበር፤ ሻይ እየጣድኩ ነበር። አንድ ነገር የጣላችሁ መስሎኝ ዝም አልኩ። ከዚያ ስትወርጂ ሰማሁሽና ሁሉም ደህና ነው አልኩ። ሦስት ሰዓት ላይ ስወጣ ተኝታለች፤ እንቅልፍ ነው ብዬ ተውኳት። እኔም የራሴ አለብኝ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም? ያን ሁሉ ስድብ...»

«እናትሽ በሕይወት እያለች ልጇን ፊቷ ላይ አላዋርድም ብዬ ነው። ከሞተች በኋላ ደግሞ ራስሽ ትመጫለሽ ብዬ ጠበቅኩሽ። አራት ሳምንት ጠበቅኩሽ። ጠዋት ጠዋት በሬ ላይ ስታልፊ ኮቴሽን እየሰማሁ ዛሬ ትቆማለች እላለሁ፤ ታልፊያለሽ።»

እግሯ ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ያዘችኝ። «ተይ፣ ተነሺ። ይቅርታ ብዬሻለሁ ልልሽ አልችልም። ገና አላልኩም። ለወንድምሽና ለአክስትሽ ንገሪያቸው። ከዚያ እናያለን።» በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው። ብትወረውረው ይሻለኝ ነበር።

ለአክስታችን አርብ ዕለት ነገርኳት። አልቅሳ አልቅሳ «ዓይንሽን እንዳላይ» ብላኝ ሄደች። ዛሬ ላንተ ጻፍኩ። አሁን የቀረኝ ሰው የለም።

ስለ እኔ የፈለግከውን ማለት ትችላለህ። አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ፤ ለፀጉር ሠሪዋ ጻፍላት። ይቅርታ ብቻ አትበላት። ያልከው ሁሉ ውሸት እንደነበር፣ የዋሸሁህም እኔ እንደሆንኩ ጽፈህ ላክላት። ለአክስታችን አውጥታ የምታሳየው ነገር ይኑራት።

«ብመጣስ?» ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። «ምን ያደርግልሃል፣ ቀብሩ አልፏል፣ ውልህን ጨርስ» አልኩህ። እንደዚያ ያልኩህ ፊትህን ማየት ፈርቼ ነው። አንተም ብዙ አልገፋህም፤ እኔም ይህንን አልረሳሁም። ዛሬም ና አልልህም። ቅርም አልልህም። አንተው እወቀው።

የተሸከመህ ባሕር እንደ እናት ጀርባ ይመችህ። የምትይዘው ገመድ አይበጠስብህ፣ የምትረግጠው ብረት አያንሸራትትህ። አጠገብህ የሚተኛው ሰው ደግ ይሁንልህ። እማዬ ቃል ሲያቅታት የምትመርቅህ በቁጥር ነበርና ከእኔ የተሻለ መርቃሃለች።

የመጣህ እንደሆን ቁልፍ የለህም፤ የአንተን ለፀጉር ሠሪዋ ሰጥቻት ነበር፣ አልመለሰችልኝም፣ እኔም አልጠየቅኳትም። መርከባችሁ በየትኛውም ሰዓት ቢገባ፣ ሌሊቱ ሳይነጋም ብትደርስ፣ ሰው እቀሰቅሳለሁ ብለህ ደረጃው ላይ እንዳትቀመጥ። አንኳኳ። ከአስራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ነቅቻለሁ።

እህትህ
ሸንበቆ