የኪሲው ጋን

ኦገስት 28
ወገቤን አመመኝ። ማሳው ውስጥ ጎንበስ እንዳልኩ ልቀር ነበር። ኪሲው፣ ነጩ ወይኔ፣ ቢጫ እየሆነ ነው፣ ደርሷል ማለት ይቻላል። ዝናብ ባይመጣ...
ከወይን ፋብሪካው አንድ የትብሊሲ ከተማ ልጅ መጣ። ጫማው ያብረቀርቃል። «አባት፣ ቀዩ ወይን፣ ሳፔራቪ፣ የለዎትም?» የለኝም። «እንግዲያው ኪሲውን እንግዛዎት፣ በብረት በርሜል እንጠምቀዋለን።»
ብረት! የኔን ኪሲ? ውጣልኝ አልኩት።

ሴፕቴምበር 4
ጋኑ አልታጠበም። ሳይታጠብ ወይን ከገባበት ኮምጣጤ ነው የሚሆነው። እስከ አፉ የተቀበረ ጋን ነው፣ ከሰው ቁመት ይበልጣል፣ ሰው ገብቶ ነው የሚፈገፍገው። እስከ አምና የምገባው እኔ ነበርኩ። ልጄ ማሙካ ፖላንድ መኪና ይነዳል። «ሰው ቅጠር» ይለኛል በስልክ። የቱን ሰው? ጎረቤቴን ኦቲያን? ሆዱ በጋኑ አፍ አያልፍም።
የማሙካ ሚስት ጺዩሪ «እኔ ልግባ» አለች።
ሴት! ጋን ቤታችን ሴት ገብታበት አታውቅም። ሚስቴ እንኳ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ምሳዬን በር ላይ ነበር የምታቀብለኝ።
«ለምን?» አለችኝ። ወይኑ ይበላሻላ!
ይበላሻል ያለው አባቴ ነው። እሱስ ማን ነገረው?... ተወው።

ሴፕቴምበር 9
እኔው ገባሁ።
ጋን ውስጥ ያለ ሰው መዝፈን አለበት። ድምፁ ከጠፋ ጋኑ ውስጥ የታመቀው ክፉ አየር ጥሎታል ማለት ነው፣ በገመድ ይጎትቱታል። ጀመርኩ፣ ትንፋሼ አጠረኝ፣ ዝም አልኩ። ኦቲያ ከላይ፦ «ቢድዚና! ሞትክ እንዴ?»
«አልሞትኩም!»
«ታዲያ ዝፈና!»
ጉልበቴ አልታጠፍ አለኝ። መውጣት አቃተኝ። ጎረቤት ተጠርቶ እንደ ድንች ጆንያ ጎትተው አወጡኝ። ሁሉም ሳቀ። ጺዩሪ ብቻ አልሳቀችም። ይበልጥ ያናደደኝ እሱ ነው።

ሴፕቴምበር 12
የፋብሪካው ልጅ ደወለ። ጋኑ እንዳልታጠበ ሰምቷል። ማን ነገረው? ኦቲያ ነዋ፣ ሌላ ማን። «ኪሲው ከሚበላሽ ሰኞ መኪና እንላክልዎት?» ዘጋሁበት።
ጺዩሪ፦ «አባባ፣ ዛሬ መለቀም ነበረበት። ወይ እኔ ጋኑ ውስጥ እገባለሁ፣ ወይ መኪናው ግቢያችን ይገባል። ይምረጡ።»
በቤቴ እኔን ታስመርጠኛለች! እራት አልበላም አልኩ፣ ትለምነኝ ብዬ። ድርሻዬን ለውሻው ሰጠችው።

ሴፕቴምበር 14
ግቢ አልኳት።

ሴፕቴምበር 15
ገባች። የምትዘፍነውስ... የሬዲዮ ጩኸት። «ሌላ አታውቂም?»
«ዝም ልበል?»
«ኧረ ዝፈኚ! ዝፈኚ!»
አንዴ ዝም አለች። ገመዱን ያዝኩ። «ጺዩሪ! ልጄ!» ...ለካ ውሃ እየጠጣች ነው። ውሃ!
«ከታች በደንብ ፈግፍጊው!»
«አባባ፣ ጋኑ ውስጥ ያለሁት እኔ ነኝ!»
ኦቲያ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ስትወጣ ባትሪ አብርቼ አየሁ። ቆሻሻ ፈለግሁ። የለም። አጥቼ ተናደድኩ።
ወዲያው ለቀምነው፣ ረገጥነው፣ ከነልጣጩ ጋኑ ውስጥ ገባ።

ሴፕቴምበር 16
መኪናው ሳይጠራ መጣ። ሾፌሩ ጋን ቤት ድረስ ገብቶ «ወይኑ የታለ?» አለ። «ቆመህበታል» አልኩት።

ኤፕሪል 11
ጋኑን ከፈትን። መልኩ እንደ ማር ነው። በእኛ ዘንድ መጀመሪያ የሚቀምሰው የጠመቀው ሰው ነው። በቅሉ ቀዳሁ... ወደ አፌ አስጠግቼ ቆየሁ። ኦቲያ «ምን ትጠብቃለህ?» አለ። ለጺዩሪ ሰጠኋት። ኦቲያ አፉን ከፍቶ ቀረ።
ቀመሰችና፦ «ጥሩ ነው። ግን ትንሽ ከብዷል፣ ዘግይተን ነው የለቀምነው።»
ከብዷል! የኔ ኪሲ! በሕይወቴ እንዲህ ያለኝ የለም። ነጥቄ ቀመስኩ።
...ከብዷል። ማን እንዳዘገየው ደግሞ አልተናገረችም። ብትናገር ይሻለኝ ነበር።
ኦቲያ ከሄደ በኋላ ቅሉን እያጠብኩ «ዘንድሮስ መቼ እንልቀም?» አልኩ። እሷን ነው የጠየቅኋት። ጺዩሪን።
«ቀምሼ እነግርዎታለሁ» አለች።
እሺ አልኩ።