አቶ ያለው ዋሴ እና ሳይጠሩ የቀሩት አብሮ አደጋቸው

አቶ ያለው ዋሴ ከአባታቸው ከአቶ ዋሴ አድማስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጠጅቱ ብሩ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1952 በጎንደር፣ በወገራ ተወለዱ። ትምህርት ቤት አልገቡም፤ ከአባታቸው ማረሻ መቀጥቀጥ ተማሩ። በ1978 ወይዘሮ ሙሉሸዋን አግብተው ሽሎሞን ወለዱ፤ ካሪን እዚህ እስራኤል አገር ተወለደች።

በ1984 በእግር ወደ ሱዳን ሲወጡ፣ አብሮ አደጋቸው አባ ጥላዬ የታመመውን ሽሎሞን ሦስት ቀን በጀርባቸው አዝለውታል። ሽሎሞ ይህን የሰማው ባለፈው ወር ነው።

አቶ ያለው በየግርዘቱና በየሠርጉ የሚያወሩት ሌላውን ነበር፦ በመጋቢት 1985 የአሜሪካ አየር ኃይል ገዳሪፍ አጠገብ ሜዳ ላይ እንዴት እንዳረፈ፣ የሄርኩለስ አውሮፕላኑ ሆድ ከኋላ እንዴት እንደተከፈተ፣ ሞተሩ ሳይጠፋ ያ ሁሉ ሕዝብ እንዴት እንደገባ፣ አንድ ፈረንጅ ወታደር ውሃ እንዴት እንዳቀበላቸው። «እናንተ የእስራኤልን ጦር፣ ጻሃልን ታገለግላላችሁ፤ እኔን ግን የአሜሪካ ጦር አገልግሎኛል» እያሉ የልጅ ልጆቻቸውን ያስቁ ነበር።

ያላወሩት ይህ ነው። በዚያው ሳምንት የአባ ጥላዬ ባለቤት በስደተኞች ካምፑ ሞቱ። በእኛ በቤተ እስራኤል ሥርዓት ሬሳ የነካ ሰባት ቀን ከሰው ተለይቶ ይቀመጣል። መኪና ሊመጣ ነው የሚል ወሬ ስለነበረ፣ አቶ ያለው መለየቱን ፈርተው ሬሳውን አልነኩም። አባ ጥላዬ ብቻቸውን ቀብረው፣ ከሱዳኖቹ ተደብቀው በሣር ዳስ ተቀመጡ። ያሉበትን የሚያውቁት እህል የሚያደርሱላቸው አቶ ያለው ብቻ ነበሩ።

በአራተኛው ቀን ማለዳ፣ ወደ አውሮፕላኑ የሚወስዱት መኪናዎች መጡ። ወይዘሮ ሙሉሸዋ «ጥላዬስ?» አሉ። አቶ ያለው «ቀድሞ ወጥቷል» አሏቸው። ዳሱ ሁለት መቶ እርምጃ አይርቅም ነበር።

አባ ጥላዬ ወደ ጎንደር ተመልሰው፣ ከስድስት ዓመት በኋላ በዘመቻ ሰለሞን መጡ፤ ገዴራ፣ ኋላም ያቭነ ገቡ። አቶ ያለው ቂርያት ማላኺ ተቀምጠው፣ ቤኤር ቱቪያ ፋብሪካ ሃያ ስምንት ዓመት አንድ ፈረቃ ሳያጓድሉ ሠሩ። ገዴራ ሠርግ በተጠሩ ቁጥር ግን ወገባቸውን ያማቸው ነበር፤ እዚያ የዳረ ዘመድ ሁሉ ያንን ወገብ ያውቀዋል። ለቅሶ ቤት ሲገናኙ አባ ጥላዬ «ዕድሌ ነው፣ ወሬው ሳይደርሰኝ ቀረ» ይሉ ነበር። አቶ ያለው ወንበራቸውን ለቀው ይወጣሉ።

የጉበት ሕመሙ ሲጸናባቸው ሁሉን ለልጅ ልጃቸው ለሊኖይ ተናግረው፣ «በሕይወቴ ወኔ አጣሁ፤ ስሞት ሰው ፊት ይነበብ» ብለው አዘዙ። ሞቶ ይቅርታ መጠየቅ ቀላል ነው፤ መልሱ አይሰማም። ቢሆንም ይኸው በቀብራቸው ላይ ስናነበው ትእዛዛቸው ተፈጽሟል።

ትናንት ሰኞ፣ ኖቬምበር 17 ቀን 2025፣ በ73 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆችና ሰባት የልጅ ልጆችን ትተዋል። ለአባ ጥላዬ ስንደውል «ያለው እኮ ወንድሜ ነው፤ እመጣለሁ» አሉን። እኛም የአቶ ያለው ዘር ነንና የቀረውን አልነገርናቸውም።

አባ ጥላዬ፣ ፈጣሪ የባለቤትዎን ነፍስ ያሳርፍ። ለአቶ ያለው «ነፍስ ይማር» የሚለውን ቃል ግን ከቤተሰቡ ከእርስዎ ቀድሞ የሚያወጣ የለም። ቢሉም ባይሉም የሚፈርድብዎ የለም። ዛሬ እንጠብቅዎታለን፤ ከቀብሩ የሚመልሰን አውቶቡስ ተነሥቶ ቢሄድም እንጠብቅዎታለን።